ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው?

ጥያቄ፦ «ለዓመታት አጠራቅሜ ቤት ለመግዛት በቅቻለሁ። ያገኘሁት ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት ከተሠራ 7 ዓመት ሆኖታል። ቦታው ወደ ጓሮ ተዳፋት ስለሆነ የኋለኛው ክፍል አፈር ተሞልቶ እንደተሠራ ሰምቻለሁ። ቤቱ በቅርቡ ቀለም ተቀብቷል፤ ይሁን እንጂ ከኋለኛው መኝታ ቤት መስኮት የላይኛው ጥግ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ማዕዘን ሽቅብ የሚወጣ ስንጥቅ አየሁ። የዚያው ክፍል በርም ሲዘጋ ከላይ ይይዛል። ሻጩ ‹ቤት ሁሉ ይቀመጣል፤ የልስን ስንጥቅ ነው› ይላሉ። ደላላው ደግሞ ሌላ ገዢ አለ እያለ በ3 ቀን ውስጥ ቀብድ እንድከፍል ያጣድፈኛል። ልግዛው ወይስ ልተወው? ከገዛሁትስ ወደፊት አንድ ፎቅ ልጨምርበት እችላለሁ?»
ቀብድ በእጄ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

አጭሩን መልስ ላስቀድም፤ በ3 ቀን ውስጥ ቀብድ አይክፈሉ፣ ቤቱንም ገና ከአሁኑ አይተዉት። የጻፉልን ምልክት መሠረቱ በአንድ ወገን ሳይወርድ እንዳልቀረ የሚያመለክት ነው። ነገር ግን ወርዶ ያቆመ መሠረትና አሁንም እየወረደ ያለ መሠረት ከሩቅ ሲታዩ ግድግዳ ላይ የሚተዉት ምልክት አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሳይለዩ ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ውል መነጋገር በጨለማ እንደ መገበያየት ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልዎ ሁሉ ይህ ቤት ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን አንድ ጥያቄ ለመመለስ የታሰበ ነው።

ሻጩ «ቤት ሁሉ ይቀመጣል» ማለታቸው እውነት አለበት፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ማንኛውም ሕንፃ ክብደቱን አፈር ላይ ሲያሳርፍ አፈሩ ይታመቃል፣ ሕንፃውም በጥቂቱ ይወርዳል፤ በየኮለኑ፣ ማለትም በየኮንክሪት ምሰሶው ሥር ለብቻው ለሚሠራ የመሠረት እግር ወይም ፉቲንግ 25 ሚሊ ሜትር ያህል መውረድ በመሐንዲሶች ዘንድ እንደ ተለመደ ወሰን ሲያገለግል ኖሯል። ቤቱ በሙሉ እኩል ቢወርድ፣ ከውጭ የሚገባው የውሃና የፍሳሽ ቱቦ ካልተጎተተ በቀር ግድግዳው ነገሩን አያውቀውም። ጉዳት የሚያመጣው የፊተኛው ማዕዘን ባለበት ቆሞ የኋለኛው ብቻ ሲወርድ ነው፤ ብሎኬት እንደ ጨርቅ ስለማይሳብ ይከፈታል። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው የመውረድ ልዩነት የርቀታቸው 1/300ኛ ሲደርስ ግድግዳ መሰንጠቅ እንደሚጀምር፣ 1/150ኛ ሲደርስ ደግሞ ጉዳቱ ከግድግዳ አልፎ ኮለንና ቢም ላይ እንደሚደርስ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ መሐንዲሶች የሚሠሩበት ልኬት ነው። ይህን ቁጥር ይያዙልኝ፤ ትንሽ ቆይተን በቱቦ እንለካበታለን።

ልስን ላይ የሚታይ ስንጥቅ ሁሉ በእርግጥ ከመሠረት አይመጣም። እንደ ሸረሪት ድር የተበታተነ ቀጭን ስንጥቅ ልስኑ ሲደርቅ በመኮማተሩ የሚመጣ ነው፤ ኮለንና ብሎኬት በሚገናኙበት መስመር ቀጥ ብሎ የሚወርደው ደግሞ ሁለቱ በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይኮማተሩ የሚፈጠር ሲሆን፣ ሁለቱም እንቅልፍ የሚነሱ አይደሉም። የእርስዎ ግን ከእነዚህ ወገን አይመስልም። ከመስኮት ጥግ መነሣቱ ግድግዳ ሲወጠር ቶሎ የሚከፈተው በዚያ ስለሆነ ነው። ሰያፍ ሆኖ መውጣቱ የግድግዳው አንዱ ወገን ከሌላው ዝቅ ማለቱን ይናገራል፤ ሽቅብ ሲወጣ ወደ ቤቱ ማዕዘን ማዘንበሉም ብዙ ጊዜ የወረደው ያው ማዕዘን መሆኑን ይጠቁማል። ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ከሆነ የቤቱ ጫፍ እንደወረደ፣ ከታች ሰፍቶ ከላይ የሚጠብ ከሆነ ደግሞ መካከሉ እንደሰመጠ ይገመታል። ወደ ውጭ ዞረው ያንኑ ቦታ ይመልከቱ። ስንጥቁ በዚያም በኩል ካለ፣ በተለይም በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ላይ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚሄድ ከሆነ፣ የልስን ነገር አብቅቷል።

ስፋቱን ለመገመት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግዎትም፤ የባንክ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፣ ካርዱ የማይገባበት ስንጥቅ ከቀለም ሥራ የሚያልፍ ጥገና አይጠይቅም። በብሪታንያ የሕንፃ ምርምር ተቋም በወጣውና በብዙ አገር በሚሠራበት ምደባ መሠረት እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ስንጥቅ ቀላል፣ ከ5 እስከ 15 ያለው መካከለኛ፣ ከ15 እስከ 25 ያለው ከባድ ሲባል፣ ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው የሕንፃውን መቆም የሚያሠጋ ተብሎ ይያዛል። ይህ ምደባ ግን የደረሰውን ጉዳት እንጂ የሚመጣውን አይነግርዎትም፤ 8 ሚሊ ሜትር ተከፍቶ ለ20 ዓመት ያልተነቃነቀ ስንጥቅ፣ በ6 ወር ውስጥ ከምንም ተነሥቶ 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰው ይልቅ ለገዢ የተሻለ ዜና ነው።

ስለዚህ ከስፋቱ ይልቅ ዕድሜውን ይመርምሩ። ወንበር ላይ ወጥተው የስልክዎን መብራት ከጎን አስጠግተው ያብሩበትና ከንፈሩን ይዩ። የቆየ ስንጥቅ ጠርዙ የደነዘዘ፣ ውስጡ አቧራና የሸረሪት ድር የያዘ፣ አንዳንዴም የቀድሞ ቀለም ዘልቆ የገባበት ይሆናል፤ አዲሱ ግን ጠርዙ ስለታም ነው፣ ውስጡም ትናንት እንደተሰበረ ኮንክሪት ንጹሕ ነው። በስቱኮ ተደፍኖ በዚያው መስመር እንደገና የተከፈተ ስንጥቅ ካገኙ ደግሞ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያሻም፣ ቤቱ ከጥገናው በኋላም ሄዷል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ሻጩ ሳያስቡት ውለታ ውለውልዎታል። ብዙ ገዢ አዲስ ቀለም ሲያይ ጉድ ሊሸፍኑ ነው ብሎ ይጠረጥራል፣ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው፤ በእርስዎ ጉዳይ ግን ቀለሙ ቀን እንደተጻፈበት ማኅተም ያገለግላል። ቤቱ መቼ እንደተቀባ ይጠይቁ፤ ከተቻለ ሥራውን ከሠራው ቀለም ቀቢ ያረጋግጡ። ከዚያም አዲሱ ቀለም ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ምን እንደሆነ በቅርብ ይመልከቱ። ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ፈስሶ ሁለቱን ከንፈር ሳይቋረጥ ለብሶ ከሆነ፣ ከተቀባበት ቀን ወዲህ ግድግዳው አልተነቃነቀም። የቀለሙ ሽፋን ራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ተበጥሶ ከሆነ ግን፣ በመካከል ያለፉት ጥቂት ወራት ብቻ እንኳ ለመበጠስ በቅተዋል። አንድ ቤት ስመረምር አዲስ ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ አይቼ ከኋላው ያለውን ለማየት ስጠይቅ «ተስተካክሎ የገባ ነው፣ አይነሣም» ተብዬ ነበር፤ ስልኬን በክፍተቱ አስገብቼ ያነሣሁት ፎቶ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። የማይነሣ ዕቃ ባለበት ቦታ ሁሉ ስልክዎን ያስገቡ።

በሩም የራሱ ምስክርነት አለው። እንጨት በእርጥበት ስለሚያብጥ የሚይዝ በር ሁሉ የመሠረት ምልክት አይደለም፤ ሁለቱን መለየት ግን ቀላል ነው። በሩን ዘግተው በበሩና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት በአራቱም ጎን ይመልከቱ። በሩ አብጦ ከሆነ ክፍተቱ ጠብቦም ቢሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይሆናል፤ መቃኑ ተዛብቶ ከሆነ ግን ክፍተቱ በአንድ ጫፍ ሰፍቶ በሌላው እንደ ሽብልቅ እየጠበበ ይሄዳል። የበሩን የላይኛ ጠርዝም በእጅዎ ይዳስሱ። በመላጊያ ተልጎ ያለ ቀለም የቀረ እንጨት ካገኙና በሩ አሁንም የሚይዝ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ መቃኑ እንደገና ተከትሎታል።

አሁን ወደ ቱቦው እንምጣ። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበትን ዓይነት 10 ሜትር ያህል ግልጽ ቱቦ ይዘው፣ የአየር አረፋ እንዳይቀርበት አድርገው ውሃ ይሙሉት። አንድ ሰው የቱቦውን አንድ ጫፍ ሳሎን ውስጥ ወገብ በሚያህል ከፍታ ላይ ይያዝ፣ እርስዎ ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደ እያንዳንዱ ክፍል ማዕዘን ይሂዱና ውሃው ሲረጋ ከፍታው በቆመበት ላይ ግድግዳው ላይ በለጠፉት ወረቀት ምልክት ያድርጉ። ውሃው በየቦታው እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ ከምልክቱ እስከ ወለሉ ያለው ርቀት በየማዕዘኑ እኩል መሆን አለበት፤ የሚበልጥበት ማዕዘን የወረደው ነው። በ6 ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ማዕዘኖች 20 ሚሊ ሜትር ከተለያዩ ያ ቀደም ያልነው 1/300ኛ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1/150ኛ ደርሷል። ይህን ሲያደርጉ ግን ወለሉ ከጅምሩ ጠማማ ሆኖ ተሠርቶ ሊሆን ስለሚችል በወለል ልክ ብቻ አይፍረዱ። የመስኮቶቹን የታች ጠርዝና ከውጭ የሚታየውን የብሎኬት ረድፍ በዚያው ውሃ ይለኩ። ሦስቱም ወደ አንድ ማዕዘን የሚያዘነብሉ ከሆነ ያጋደለው ቤቱ ነው፤ ወለሉ ብቻ ዝቅ ብሎ በግድግዳው ግርጌ በተለጠፈው ዞኮሎና በወለሉ መካከል ክፍተት ከታየ ግን ግድግዳው ባለበት ቆሞ ከወለሉ ሥር ያለው ሙሌት ብቻ ሳይወርድ አልቀረም፣ ይህም በጣም የሚቀል ችግር ነው።

ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ስለ ሙሌቱ የጻፉት ቃል ነው። ተዳፋት ቦታ ላይ ሲሠራ የላይኛው ወገን ተቆርጦ የታችኛው ይሞላል፤ የቤቱ ግማሽ በዘመናት ብዛት የታመቀ መሬት ላይ፣ ግማሹ ደግሞ በቅርብ የፈሰሰ አፈር ላይ ያርፋል ማለት ነው። ሙሌት በአግባቡ ከተሠራ፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየተደለደለ፣ እርጥበቱ ተስተካክሎ በሮለር ወይም በኮምፓክተር እየታመቀ ከወጣ፣ ወለል ይሸከማል። ከገልባጭ መኪና ተገልብጦ ከላይ ብቻ ከተደመደመ ግን ለዓመታት በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ የወረደ መስሎ ከቆመ በኋላም ውሃ ባገኘ ቀን እንደገና ይደረመሳል። ሻጩን ወይም ቤቱን የሠራውን ሰው የሚጠይቁት ቁልፍ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ የኋለኞቹ ኮለኖች ፉቲንግ ሙሌቱን አልፎ ነባሩ መሬት ላይ ደርሷል ወይ? ደርሶ ከሆነ የወረደው ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል፤ ካልደረሰ ምክንያቱን አግኝተዋል።

ነባሩ መሬት ራሱ ዋልካ አፈር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ይህ ጥቁር ሸክላማ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ ቀላል ቤትን እንደ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ በዝናብ ወራት የታየ ቤት ስንጥቆቹ ተዘግተው ጤነኛ ሊመስል፣ በደረቅ ወራት ደግሞ ያው ቤት ተከፍቶ ሊታይ ይችላል። ትልቅ ዛፍ ግድግዳ ሥር ካለ ሥሮቹ በአንድ ወገን ያለውን እርጥበት ስለሚስቡ ያ ወገን ይወርዳል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ደግሞ እርጥበቱ ስለሚመለስ አፈሩ ያብጣል፣ ስለዚህ «ዛፉን ቆርጠን ጨርሰናል» የሚል ቃል ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም።

ውሃን በተመለከተ ከደላላው የተሻለ መረጃ የሚሰጥዎት ዝናብ ነው። እየዘነበ ሳለ ሄደው የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የት እንደሚጥለው ይዩ፤ የኋለኛው ማዕዘን ሥር የሚጥለው ከሆነ ለ7 ዓመት ያህል ሙሌቱን ሲያጠጣው ኖሯል ማለት ነው። የሴፕቲክ ታንኩ የት እንዳለ፣ የፍሳሽ ቱቦው በየት እንደሚያልፍ ይጠይቁ። የቧንቧ መክፈቻዎቹን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪው መዞሩን ከቀጠለ ውሃው የሆነ ቦታ መሬት ውስጥ እየገባ ነው። ብዙ ጊዜ የመሠረት ችግር የሚባለው የውሃ ችግር ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱ ይህ ከሆነም መፍትሔው ከሁሉም የሚረክሰው ነው።

አፈር ቀስ ብሎ የሚሠራ መሆኑን ለማሳየት የፒሳን ግንብ የሚያህል ምስክር የለም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1173 ተጀምሮ በ1178 አካባቢ ሥራው ቆመ፣ የቀጠለውም ከአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ሥሩ ያለው ለስላሳ ሸክላ በዚያ ዕረፍት ውሃውን ተፍቶ ባይጠነክር ኖሮ ግንቡ ሳያልቅ ይወድቅ እንደነበር የመስኩ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ማዘንበሉ አደገኛ ደረጃ ላይ ደርሶ በ1990 ለጎብኚ ሲዘጋ፣ መሐንዲሶቹ ግንቡን ቀና ያደረጉት ካላዘነበለው ወገን ሥር አፈር በጥንቃቄ እየቀነሱ ነበር፤ ጫፉ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ተመለሰና በ2001 እንደገና ተከፈተ። የእርስዎም ሻጭ ስንጥቁን ደግመው ቢያስለስኑት በሽታው ያለበትን ቦታ አልነኩትም፣ ምክንያቱም በሽታው ያለው ከግድግዳው ሥር ነው።

እስካሁን የዘረዘርኩት እርስዎ በሁለት ጉብኝት የሚያደርጉት ነው፤ ውሳኔውን ግን በእሱ ብቻ አይስጡ። ስትራክቸራል መሐንዲስ ይቅጠሩ፣ ክፍያውንም ራሱ ገዢው፣ ማለትም እርስዎ ይክፈሉ፤ ደላላው የሚያመጣው «የማውቀው መሐንዲስ» ገበያው እንዲያልቅ የሚፈልግ ሰው ወዳጅ ነውና። መሐንዲሱ በሻጩ ፈቃድ ከኋለኛው ማዕዘን ጎን አንድ ጉድጓድ አስቆፍሮ ፉቲንጉ የት ላይ እንዳረፈ በዓይኑ እንዲያይና የጽሑፍ ሪፖርት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ከዚሁ ጎን ለጎን የመሠረቱን ንድፍና የአፈር ምርመራ ውጤት ከሻጩ ይጠይቁ። ሻጩ ጉድጓዱን ከከለከሉ፣ ቤቱን በጣም ቢወዱትም እንኳ፣ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ከፈቀዱ ደግሞ ስንጥቁ ላይ ከፍና ዝቅ ብሎ በሁለት ቦታ ስስ የጂፕሰም ልጥፍ አስደርገው ቀን ይጻፉበት። ጂፕሰም ስለማይሳብ ግድግዳው በትንሹ ቢሄድ እንኳ ይሰነጠቃል፤ አስተማማኝ መልስ የሚገኘው አንድ እርጥብና አንድ ደረቅ ወቅት ሲያልፍበት ቢሆንም፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከተሰነጠቀ ሌላ መጠበቅ አያስፈልግም።

ቀብዱን በተመለከተ፣ ሻጩ የግድ የሚሉ ከሆነ የመሐንዲሱ ሪፖርት መሠረቱ በመንቀሳቀስ ላይ ነው ካለ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይፈራረሙ፤ ሻጩ ቀድሞ የተደረጉ ጥገናዎችን ዘርዝረው በፊርማቸው እንዲያረጋግጡልዎም ያድርጉ። ይህን ውል በሕግ ባለሙያ ያስመርምሩት። «ሌላ ገዢ አለ» ለሚለው መልስ መስጠት አይጠበቅብዎትም። ሌላ ገዢ ካለም እሱም ያንኑ ስንጥቅ ነው የሚያየው።

ሪፖርቱ መሠረቱ መታገዝ አለበት ካለ፣ ከነባሩ ፉቲንግ ሥር እየቆፈሩ ኮንክሪት የማስገባት ሥራ ይመጣል። ይህ ሥራ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ባልበለጠ ቁራጭ፣ አጎራባቾቹን ሳይነኩ በተራ የሚሠራ እንጂ ግድግዳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አስቆፍሮ የሚሞከር አይደለም፤ እንደዚያ የሚል ሥራ ተቋራጭ ካገኙ ሌላ ይፈልጉ። ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ ቅናሽ የሚነጋገሩት የዚህ ሥራ ግምት በእጅዎ ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት የሚሰጥ ቅናሽ ምንም ያህል ቢያጓጓ በምን ልክ እንደተሰላ ሻጩም እርስዎም አታውቁትም።

ፎቁን በተመለከተ፣ ለአሁኑ መልሴ አይቻልም ነው። ባለ አንድ ወለል ቤት መሠረት የሚነደፈው ለአንድ ወለል ክብደት ሲሆን፣ በላዩ ላይ ሌላ ወለል መጨመር በየኮለኑ የሚወርደውን ጭነት ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል፤ ያቆመ መሠረት እንኳ በዚህ ጭነት እንደ አዲስ መውረድ ይጀምራል። ያው መሐንዲስ ጉድጓዱን ሲያስቆፍር የፉቲንጉን ስፋትና ውፍረት፣ ከንድፉም የፌሮውን መጠን አይቶ ለተጨማሪ ወለል ይበቃል አይበቃም የሚለውን በዚያው ሪፖርት እንዲጽፍልዎ ያድርጉ፤ ጉድጓዱ አንዴ ከተቆፈረ ይህን መጠየቅ ብዙ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ንድፉ ጠፍቶ ከሆነና ሪፖርቱም ስለ ፎቁ በግልጽ ካልጻፈ፣ ቤቱን የሚገዙት ባለ አንድ ወለል ሆኖ እንደሚቀር ቆጥረው ይሁን።